የሳጥኑ ብዛት አሳ አያወጣም!

እግር ኳስ ተመልካች ሁሉ የሚያውቀው አንድ በሽታ አለ። በዝውውር ወቅት ክለቡ ስንት ተጫዋች እንዳስፈረመ ይቆጠራል፤ ምን ዓይነት ተጫዋች እንደጎደለው ግን የሚጠይቅ የለም። ሪያል ማድሪድ በ1995 ዓ.ም ክረምት ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ አመጣና ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ስም በስም ላይ ተደረበ፤ ኳስ የሚቀማው ሰውዬ ግን ሄደ። ማድሪድ የላሊጋውን ዋንጫ እንደገና እስኪያነሳ 1999 ዓ.ም መጠበቅ ግድ ሆነበት። ስብስቡ አላነሰም፣ ገንዘቡም አላነሰም። የጎደለው ምርጫ ነበር።

ይኸው በሽታ የአሳ ማጥመጃ ሳጥን ውስጥም ገብቷል። ክዳኑ ሲከፈት የሚያብለጨልጭ፣ ሠላሳና ከዚያም በላይ ስፒነር በየክፍሉ የተደረደረበት ሳጥን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ አገር ቤት ይደርሳል። ተቀባዩ ይደነቃል፣ ጓደኛ ይጠራል፣ «ሠላሳ በአንድ ዋጋ!» ይባላል። ከዚያ ውሃ ዳር ተወርዶ ቀኑን ሙሉ ሲወረወር ይዋልና ማታ ባዶ እጅ ይገባል። ጥፋቱም በውሃው ላይ ይለጠፋል፤ «እዚህ አሳ የለም» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። አይ! አሳውስ አለ። ሳጥኑ ነው ለዚያ ውሃና ለዚያ አሳ ያልተመረጠው።

ጉዳዩ የተከዜን ግድብ ሐይቅ በሚጋሩት የዋግኽምራ ወረዳዎችና ከደሃና ደጋ ቁልቁል ወደ ተከዜ በሚያዩት ወጣቶች ዘንድ ከቀልድ ያለፈ ነው። እዚያ አንድ ሰው ማጥመጃ ለመግዛት የሚያወጣት ብር ከምር የምትቆጠር ብር ናት። ስለዚህ ሳጥን ከመግዛት በፊት፣ ሳጥን ለዘመድ ከመላክም በፊት፣ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ።

«አሳ ማጥመድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የስፖርት ገጽ ጉዳይ የሆነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከጥንት ጀምሮ ነው መልሱ። እ.ኤ.አ በ1900 ፓሪስ ኦሎምፒክን ስታዘጋጅ በሴን ወንዝ ላይ የአሳ ማጥመድ ውድድር ተካሂዶ ነበር፤ ይፋዊ የኦሎምፒክ ስፖርት ተብሎ ባይመዘገብም። በኢትዮጵያም ቢሆን በባሌ ዲንሾ አካባቢ ያሉት የወብና የዳንካ ወንዞች እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ትራውት የተለቀቀባቸው ናቸው። የአርባ ምንጩ ጫሞ ሐይቅ ደግሞ በናይል ፐርቹ ዘንግ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሲያይ ኖሯል። ዘንግ ተይዞ የሚጠበቅበት፣ ተጋጣሚ የሚጠናበት፣ ሽንፈትም የሚታይበት ጨዋታ ነው።

ስፒነር ሲባል…

ብዙ ሰው ስፒነርን የሚያውቀው በማብለጭለጩ ነው። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። መሃል ላይ ቀጭን ሽቦ አለ። በሽቦው ላይ ቅጠል የመሰለች ብረት በትንሽ ማንጠልጠያ ተሰክታለች። ከሥሯ ክብደት የሚሰጥ የነሐስ አካልና ዶቃ ይከተላል። መጨረሻው ላይ መንጠቆው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ጫፍ ነው። ክሩ ሲጠነጠን ቅጠሏ በሽቦው ዙሪያ ትሽከረከራለች። ብርሃን ትረጫለች፣ ውሃውንም ታንቀጠቅጣለች። አሳ በጎኑ ላይ ከራሱ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው፤ ስለዚህ ስፒነሯን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጎኑ ሊሰማት ይችላል። የተጎዳ ትንሽ አሳ መስላው ይነክሳታል። ነገሩ ይኸው ነው።

በዚህ መሣሪያ ስማቸው ከገነነ አምራቾች አንዱ የፈረንሳዩ ሜፕስ ነው። አንድሬ ሙልናር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ በ1938 የመሠረተው ሲሆን፣ መጠኖቹን በቁጥር ነው የሚለየው። ታዋቂው ሞዴሉ አግሊያ ቁጥር 0 ሲሆን ሁለት ግራም ተኩል ገደማ፣ ቁጥር 3 ሲሆን ስድስት ግራም ተኩል ገደማ፣ ቁጥር 5 ሲሆን ደግሞ አሥራ ሦስት ግራም ገደማ ይመዝናል። ቁጥሩ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ምን ያህል ርቀት እንደምትወረወር፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደምትወርድ፣ የትኛውን አሳ አፍ እንደምትመጥን የሚናገረው እሱ ነው።

የቅጠሏም ቅርጽ እንዲሁ። ክብ የሆነችው ቅጠል ስትሽከረከር ከሽቦው ራቅ ብላ ውሃውን ትገፋለች፤ በዝግታ ስትጎተት እንኳ ትሠራለች፣ ንዝረቷ ብዙ ነው፣ ግን ወደ ላይ ትንሳፈፋለች። እንደ አኻያ ቅጠል ቀጠን ረዘም ያለችው ደግሞ ከሽቦው ተጠግታ በፍጥነት ትዞራለች፤ ንዝረቷ ያነሰ ነው፣ ነገር ግን ወደ ጥልቀት ትወርዳለች፣ የሚጎትት ጅረትንም ትቋቋማለች። በሁለቱ መሃል ያለች ሞላላም አለች። ሦስት ቅርጽ፣ ሦስት ሥራ። አንዱ ተከላካይ፣ አንዱ አማካይ፣ አንዱ አጥቂ እንደማለት ነው።

የተከዜ ሜዳ

የተከዜ ግድብ የተመረቀው በኅዳር 2002 ዓ.ም ነው። ቁመቱ 188 ሜትር፣ የሚይዘው ውሃ ዘጠኝ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ገደል ውስጥ የቆመ ቅስት ግድብ በመሆኑ ከኋላው የተኛው ሐይቅም እንደ ጣና ለጥ ያለ አይደለም፤ በሸለቆው ውስጥ የተጠማዘዘ፣ ዳርቻው ቁልቁል የሆነ፣ ከባሕሩ ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ሲገባ የሚጠልቅ ነው። ለመብራት ተብሎ የተሠራው ግድብ ለዋግ ያልታሰበ ነገር ይዞ መጣ፦ አሳ። በአበርገሌና በዝቋላ ወረዳዎች ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው በመረብ ማስገር ጀመሩ። ቀድሞ በደረቅነቱ ብቻ ይታወቅ የነበረ አካባቢ የአሳ አምራች ሆነ።

ታዲያ ይህ ሜዳ የራሱ ባሕርይ አለው። በክረምት ከደሃና፣ ከሰቆጣና ከላስታ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ከፍም ይላል። በበጋ ይጠራል፣ መብራት ሲመረትበትም እየቀነሰ ይሄዳል። መስከረም ላይ አሳ የተያዘበት ዳርቻ ግንቦት ላይ ደረቅ ድንጋይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሜዳው በየወሩ ስፋቱን የሚቀይር ከሆነ በአንድ ታክቲክ ዓመቱን ሙሉ መጫወት አይቻልም። ሳጥን ሻጩ ግን ይህን አያውቅም፤ ሳጥኑን ያዘጋጀው ለሌላ አገር ወንዝና ለሌላ አገር አሳ ነው።

ተጋጣሚው ማን ነው?

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። ተከዜ ላይ ስፒነር የሚነክሰው የትኛው አሳ ነው?

ገበያ ላይ ተፈላጊው ቀረሶ ነው፤ ቆሮሶ የሚሉትም አሉ። በየሆቴሉ ተጠብሶ የሚቀርበው፣ በጾም ወቅት የሚሻማበት እሱ ነው። አብዛኛው ሰውም ሳጥን ሲገዛ በልቡ ያለው ቀረሶ ነው። ችግሩ ቀረሶ አዳኝ አይደለም። ምግቡ በአብዛኛው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። ጎጆውን ሲጠብቅ ተናዶ አልፎ አልፎ ትንሿን ስፒነር ሊነክስ ይችላል እንጂ፣ ሠላሳ ስፒነር ተደርድሮ ቢቀርብለት ግድም አይሰጠው። ለቀረሶ ብሎ የስፒነር ሳጥን መግዛት ጎል ጠባቂን ለማለፍ የቅርጫት ኳስ ይዞ እንደመግባት ነው። ቀረሶ የሚፈልግ ሰው ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክርና ሊጥ ወይም ትል ይበቃዋል፤ ወጪውም የሳጥኑን እሩብ አይሆንም።

አምባዛም እንዲሁ የስፒነር ዋነኛ ደንበኛ አይደለም። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ቢሆንም ደፍርሶ በጨለመ ውሃ ውስጥ በጢሙና በሽታ ነው የሚያድነው። ስፒነር ነክሶ የወጣ አምባዛ አለ፤ ሥጋ የተሰካበት መንጠቆ ግን ከማንኛውም የሚያብለጨልጭ ብረት በተሻለ ይጠራዋል።

የስፒነር ተጋጣሚዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ባርባስ ነው፤ ቅርፊቱ ትላልቅ፣ ጉልበቱ ብርቱ፣ ከተያዘ በኋላ ክሩን ይዞ የሚነጉደው። ሁሉን በል ነው፤ ትንንሽ አሳና ነፍሳትም ያሳድዳል። ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 ስፒነር ለእሱ ልክ ናት። ሁለተኛው ባግረስ የሚባለው ጢማሙ አሳ ነው። እሱ ጥርት ያለ አዳኝ ነው፤ ከታች ከወለሉ ይውላል፣ ሲመሻሽና ሲጨልም ይወጣል። እሱ ዘንድ ለመድረስ የምትከብድና የምትሰምጥ ስፒነር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይቆጠር። ከአራቱ ስመ ጥር አሳዎች ሁለቱ ከነጭራሹ ከስፒነር ውጭ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የሚፈልጉት መካከለኛና ከባድ መጠን ነው። ታዲያ ያ ሠላሳ ስፒነር ያለበት ሳጥን ለማን ነው የተገዛው?

የሳጥኑ ማታለያ

ርካሹ ሳጥን ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው። ሠላሳ ስፒነር አለ፤ ክብደታቸው ግን አንድ ዓይነት ወይም ተቀራራቢ ነው። የሚለያዩት በቀለም ነው። ሮዝ፣ ብርቱካን፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ የሜዳ አህያ የመሰለ… ዓይን የሚስብ ነው፤ የሚስበው ግን የገዢውን ዓይን ነው። አሳው ባለበት ጥልቀት፣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ፣ ሮዙና ብርቱካኑ ልዩነታቸው ይጠፋል። እዚያ የሚቀረው የብርሃን ብልጭታው፣ ንዝረቱና ጥልቀቱ ነው። ሠላሳ ቀለም ያለው አንድ ክብደት ማለት ሠላሳ የክንፍ ተጫዋች ያለው ቡድን ማለት ነው። አሰልጣኙ ተከላካይ ሲፈልግ ማንን ያስገባ?

ሁለተኛው ጉድ ቅጠሏ አለመሽከርከሯ ነው። ማንጠልጠያዋ በደንብ ካልተቆረጠች ወይም ቀለም ተደፍኖባት ከሆነ ቅጠሏ ተጣብቃ ትጎተታለች። ያኔ ስፒነር መሆኗ ቀርቶ ባለ መንጠቆ ቁራጭ ብረት ሆነች። ሦስተኛው የመንጠቆው ብረት ነው። ለስላሳ መንጠቆ ትልቅ ባርባስ ሲጎትተው ይቀናል፤ አሳው ይሄዳል፣ ያጠመደው ሰው ደግሞ ለዓመታት የሚያወራው «ያመለጠኝ» ብቻ ይቀረዋል።

ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሳፋ ውሃ ይበቃል። ስፒነሯ በአጭር ክር ታስራ ሳፋው ውስጥ በዝግታ ትጎተት። በዝግታ እየተጎተተች ቅጠሏ ከዞረች ደህና ናት፤ ካልተገፋች የማትዞር ከሆነች ትቅር። የመንጠቆው ጫፍ በጥፍር ላይ በቀስታ ይጫር፤ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ከያዘ ስሉ ነው። በጉጠት ትንሽ ይታጠፍ፤ እንደ ሽቦ ታጥፎ ከቀረ ባርባስ አይችለውም። መንጠቆውን የያዘችው ቀለበት አፏ ክፍት ከሆነ ክሩ ወይም አሳው በዚያ ይወጣል። አምስት ደቂቃ የማይወስድ ምርመራ ነው። ለስልክ ቀፎ ሽፋን ሲገዛ ይህን ያህል የሚያገላብጥ ሰው ለማጥመጃ ሲሆን ክዳኑን ብቻ አይቶ መክፈሉ ያስገርማል።

አምስት ቋሚ፣ ሁለት ተቀያሪ

ለተከዜ የሚሆን ስብስብ ከተባለ ሠላሳ አያስፈልግም። ሰባት ይበቃል፤ አምስት ቋሚና ሁለት ተቀያሪ።

ቁጥር 2 ሁለት፦ አንዷ ብርማ ለጠራው የበጋ ውሃ፣ አንዷ መዳብማ ለደፈረሰው። ቁጥር 3 ሁለት፦ አንዷ ብርማ፣ አንዷ ወርቅማ። እነዚህ ሞላላ ወይም ክብ ቅጠል ቢኖራቸው ይመረጣል፤ ዳርቻ ላይ በዝግታ ለሚጎትት ሰው ይታዘዛሉ። አምስተኛዋ ቁጥር 4 ወይም 5፣ ቀጭን ቅጠል ያላት ከባድ ስፒነር፤ ተወርውራ ለጥቂት ሰከንዶች ዝም ተብላ እንድትሰምጥ ተደርጋ ባግረስ ወዳለበት የምትላክ። ሁለቱ ተቀያሪዎች የሚገዙት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከአምስቱ የትኛዋ አሳ እንዳመጣች ከታየ በኋላ የእሷው ቅጂ ይገዛል። አዲስ ፊት ማምጣት አያስፈልግም። ጎል እያገባ ያለ አጥቂ አይቀየርም።

የተረፈው ገንዘብ ወዴት ይሂድ? ስፒነር በዞረች ቁጥር ክርን ታዞራለች፤ ክሩ ተጠማዞ ይቋጠራል፣ ይበጠሳልም። ይህን የሚከላከል በክሩና በስፒነሯ መካከል የሚገባ የሚሽከረከር ትንሽ ማያያዣ አለ፤ ዋጋው ከስፒነሯ ጋር አይወዳደርም። ጥሩ ክር፣ ጥቂት ትርፍ መንጠቆና ቀለበት፣ አንድ ጉጠት። ሳጥን ሻጩ ስለነዚህ አያወራም፤ አያብለጨልጩማ! ሜዳ ላይ ሥራውን የሚሠሩት ግን ብዙ ጊዜ ስማቸው የማይጠራው ናቸው።

ይኸው ስብስብ ለባሌም ለጫሞም ይሆናል ማለት ደግሞ አይደለም። ዲንሾ ላይ ጠባብ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ትራውት የሚፈልግ ሰው ከቁጥር 0 እስከ ቁጥር 2 ነው የሚያስፈልገው፤ የተከዜዋ ቁጥር 5 እዚያ ስትወድቅ ድንጋይ የተወረወረ መስሎት አሳው ይሸሻል። ጫሞ ላይ ናይል ፐርች የሚጠብቅ ደግሞ የስፒነር ሳጥኑን ቤቱ ትቶ ትልልቅ አሳ መሰል ማባበያ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ሦስት ውሃ፣ ሦስት ስብስብ። «ለሁሉም የሚሆን» ተብሎ የሚሸጠው ሳጥን ለማንም በደንብ የማይሆን ነው።

«የሚጠፋ ከሆነ ርካሹ አይሻልም?»

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። የሳጥኑ ደጋፊዎች ሁለት ክርክር አላቸው፤ ሁለቱም ባዶ አይደሉም።

አንደኛው «ጀማሪ ውሃውን አያውቅም፤ ብዙ ዓይነት እየቀያየረ ይማራል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ መሞከር ያስተምራል። ግን የሚያስተምረው ልዩነት ያለው ነገር ሲሞከር ነው። ሦስት ክብደት፣ ሁለት ቅርጽና ሁለት ቀለም ያለው የአሥር ስፒነር ሳጥን ከተገኘ ይገዛ፤ በፍሬ ሲሰላ ከነጠላ ግዢ ሊረክስ ይችላል። ነጥቡ «ሳጥን ክፉ ነው» አይደለም። ነጥቡ ሳጥን የሚቆጠረው በፍሬው ሳይሆን በውስጡ ባሉት የተለያዩ ሥራዎች ነው የሚል ነው።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። «የግድብ ውሃ ነው፤ ታች ድንጋይና የሰመጠ ዛፍ አለ፣ ስፒነር በየቀኑ ተይዞ ይቀራል፣ ስለዚህ ውዱን ከማጣት ርካሹን ማጣት» ይባላል። ለኪስ ሲታሰብ ልክ ይመስላል። ነገር ግን ተይዛ የቀረችው ስፒነር ከባለቤቱ ኪስ ጠፋች እንጂ ከዓለም አልጠፋችም። ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆዋን እንደያዘች እዚያው ትቀመጣለች። ውሃው በበጋ ሲቀንስ ዳርቻው ላይ ትወጣና በባዶ እግሩ የሚሄድ እረኛን ትጠብቃለች። ከዚያ በፊት ደግሞ የማኅበሩን ወጣቶች መረብ ታገኘዋለች። መረብ ለእነሱ መዝናኛ አይደለም፤ እንጀራ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም የነበረው ጦርነት ክፉኛ ያቆሰለው ዋግ ውስጥ የተቀደደ መረብ መተካት ቀላል አይደለም። ሠላሳ ርካሽ ስፒነር በግድ የለሽነት የሚወረውር ሰው ያተረፈውን ብር የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ባለ ሦስት ጫፉ መንጠቆ ተነቅሎ በምትኩ ባለ አንድ ጫፍ ይግባ። የመንጠቆው የኋላ እሾህ በጉጠት ይጨፍለቅ። የሚይዘው አሳ በጣም አይቀንስም፤ ድንጋይና ዛፍ ላይ መያዙ ግን ይቀንሳል፣ ትንሽ አሳም ሳይቆስል ይለቀቃል። ጣት ላይ ቢሰካ እንኳ ሳይቀድ ይወጣል፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ በሆነበት ሸለቆ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የውድድር ዓመቱም የእረፍት ጊዜ አለው

የመጨረሻው ነጥብ የመጀመሪያውን ያህል ይከብዳል። ባርባስ የሚባለው አሳ ሲራባ ከሐይቅ ወደ ወንዝ የሚወጣ ወገን አለው። በጣና ላይ በደንብ ተጠንቷል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራና ወደ ርብ የመሳሰሉ ገባሮች ይወጣሉ፣ በጠጠሩ ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። አስጋሪው ይህን ስለሚያውቅ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ጠበቃቸው። ውጤቱም እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ ውስጥ በሳይንስ ሰዎች ተመዘገበ፦ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የጣና ባርባሶች ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ አሽቆለቆለ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ አሳዎች ናቸው።

በሌሎች ወንዞችም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ትልቁም ትንሹም አሳ ደንዝዞ ይንሳፈፋል። መንጠቆ ቢያንስ አንድ በአንድ ነው። ግን መንጠቆም ቢሆን በእርባታ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ ዕንቁላል የያዘችውን ሁሉ የሚያወጣ ከሆነ ከመረቡ የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ ነው። ተከዜም ከጣና ስህተት ሊማር ይገባዋል። ከደሃና በኩል የሚወርዱት ጅረቶች በክረምት ሲሞሉ አፋቸው ላይ ስፒነር ባይወረወር፣ ዕንቁላል የያዘች አሳ ከወጣችም ብትመለስ፣ የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ ይኖራል። ሕጉም አለ፤ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፣ የአማራ ክልልም የራሱ አዋጅ አለው። ዘንግ ይዞ የሚሄድ ሰው ከመወርወሩ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። ሰቆጣ የሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም የተከዜን አሳ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ያሉበት ቤት ነው።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ቢባል፣ ሰቆጣ ስሟን የሰጠችለት ቃል ኪዳን አለ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ በ2030 ለማስቆም የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። አሳ ደግሞ ለሕፃን የሚያስፈልገውን የሥጋ ምግብ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ነው። ተከዜ ላይ ያለው አሳ እንግዲህ የዘንግ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በሕፃኑ ሳህን ላይ የሚቀመጥ ነው። ተጫዋቹ በዚያ ሜዳ ላይ እንግዳ መሆኑን አይርሳ።

ስለዚህ ሳጥን የሚገዛም፣ ከባሕር ማዶ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ልጅ የሚልክም፣ ብር ከማውጣቱ በፊት ስልክ ይደውልና ሦስት ነገር ይጠይቅ። የትኛውን አሳ ነው የምትፈልገው? ውሃው አሁን ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? የምትወረውርበት ቦታ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው? መልሱ «ቀረሶ ነው» ከሆነ ስፒነሩ ይቅርና አንድ እሽግ ትንንሽ መንጠቆና ጥሩ ክር ይላክ። መልሱ «ባርባስና ባግረስ» ከሆነ ሰባት የተመረጡ ስፒነሮች፣ የሚሽከረከር ማያያዣና አንድ ጉጠት ይላኩ። ሠላሳው እዚያው ሱቁ ውስጥ ያብለጭልጭ!